የአሮጌ ፒክአፕን የፊት እግር ከፍ ማድረግ፦ ለጎጃም መንገድ የቱ ይሻላል?

ክረምት ሊገባ ሲል ጋራዥ ለጋራዥ የሚሰማ ጥያቄ አለ። «ይቺን ፒክአፕ ከፊቷ ትንሽ ከፍ ብናደርጋትስ?» ጠያቂው ብዙ ጊዜ አሮጌ ሀይሉክስ ወይም ላንድ ክሩዘር የያዘ ሰው ነው። ቢቸና፣ አዴት ወይም ደምበጫ አካባቢ ከዋናው መንገድ ሲወጣ ዋልካ ይጠብቀዋል። ዝናብ ከጣለ በኋላ አይሱዙ ያለፈበት መንገድ ሁለት ጥልቅ ቦይ ይሆናል። ፒክአፗ እዚያ ውስጥ ስትገባ ሆዷ መሃሉ ላይ ያርፋል። ጎማው ይሽከረከራል፣ እሷ ግን ንቅንቅ አትልም።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ችግሩ መልሱ ላይ ነው። አንዱ ጋራዥ «ሻክሉን እናስረዝማለን» ይላል። ሌላው «አንድ ቅጠል እንጨምርበት» ይላል። ሦስተኛው ቁልፍ ያነሳና «ጋሼ፣ ይቺን ቡሎን ትንሽ ላጥብቃት፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅም» ይላል። ቲክቶክ ላይ ደግሞ ሙሉ የአውስትራሊያ ኪት የገጠመ መኪና ወንዝ ሲሻገር ይታያል። ሁሉም ዘዴ መኪናዋን ከፍ ያደርጋታል። ከስድስት ወር በኋላ የሚያመጣው ወጪ ግን ለየቅል ነው።

የኔን አቋም ከመጀመሪያው ልናገር። ገንዘብ ውስን ከሆነ በቅድሚያ የደከመውን እግር፣ ማለትም ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘውን ባሌስትራ ወይም ሞላ ከነላስቲኩ፣ ወደ ጤናው መልሱ። ቀጥሎ ጎማ። ሊፍት የሚባለው፣ መኪናዋን ከፋብሪካ ቁመቷ በላይ ማንሳት፣ ሦስተኛ ነው። እሱም ቢሆን እስከ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም እስከ ሁለት ኢንች፣ ይበቃል። ከታች የማስረዳው ቶርሽን ባር ላይ ደግሞ ከዚያም ያነሰ።

መጀመሪያ ተንበርክካችሁ እዩ

የመኪናው ስም ብቻውን አያስተማምንም። ሀይሉክስ ሁሉ አንድ ዓይነት የፊት እግር የለውም። ኤልኤን 106 የምንላት፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ የተሠራችው፣ ከፊት ድፍን አክስል፣ ማለትም ግራና ቀኝ ጎማውን የሚያገናኝ አንድ ወጥ አክስል፣ እና ባሌስትራ አላት። ከእሷ ቀጥሎ የመጣው ትውልድ እንደተሸጠበት አገር ይለያያል፤ ባሌስትራም ቶርሽን ባርም ይገኝበታል። ከ2005 ግድም ወዲህ ያለችው ቪጎ ደግሞ ሞላ ናት። ላንድ ክሩዘርም እንደዚሁ ነው። 75 የምትባለው አራቱም እግሯ ባሌስትራ ነው። በ1999 የተተካችው 79 ከፊት ሞላ፣ ከኋላ ባሌስትራ ናት። ኒሳን ሃርድቦዲ ዲ22፣ አሮጌው ኤል 200 እና የመጀመሪያው ዲማክስ ባለ አራት ጎማ መንጃዎቹ ቶርሽን ባር ናቸው።

ስለዚህ ሊብሬው ላይ ከተጻፈው ይልቅ ከስር ያለውን እመኑ። ከፊት ጎማው ጀርባ አጎንብሱ። ሻንሲውን ተከትሎ የተደራረበ ዝርግ ብረት ካያችሁ ባሌስትራ ነው፤ አንዱ ዝርግ ቅጠል ይባላል። ከጎማው ተነሥቶ ወደ ኋላ፣ እስከ ሾፌሩ ወንበር ሥር ድረስ የሚሄድ ወፍራም ዘንግ ካያችሁ ቶርሽን ባር ነው። የተጠመዘዘ ሽቦ የሚመስለው ደግሞ ሞላ ነው። ሞላው ሾኩን፣ ማለትም ንዝረት የሚያበርደውን ቱቦ፣ ከከበበው የቪጎ ዓይነት ነው። ሞላው ለብቻው ድፍን አክስል ላይ ከተቀመጠ የ79 ዓይነት ነው። ይህን ሳታውቁ ስልክ ደውላችሁ «የሀይሉክስ የፊት ሊፍት አለ?» ብትሉ የማይገጥም ዕቃ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ።

የጠፋው ቁመት

ሃያና ሠላሳ ዓመት የሠራች መኪና ፋብሪካ በሰጣት ቁመት ላይ አይደለችም። ባሌስትራው ደክሟል፣ የመገጣጠሚያ ላስቲኮቹ ተበልተዋል፣ ቶርሽን ባሩ ተንበርክኳል። ብዙ ሰው ሊፍት ብሎ የሚከፍለው ገንዘብ በእውነቱ ይህንን የጠፋ ቁመት መመለሻ ነው። ያ ነውር የለውም። ግን ማወቅ ይጠቅማል። ምክንያቱም የደከመ ነገር ላይ የተጨመረ ሊፍት ቶሎ ይመለሳል።

መለኪያው ቀላል ነው። መኪናዋን ደልዳላ ቦታ፣ ነዳጅ ማደያ ሲሚንቶ ላይ አቁሟት። ከጎማው መሃል፣ ከሀቡ እምብርት ጀምራችሁ ቀጥ ብላችሁ እስከ ፓራፋንጎው ከንፈር ለኩ። ከመሬት አትለኩ። ጎማው ሲበላ ወይም ነፋሱ ሲጎድል ልኬቱ ይዋሻል። ግራና ቀኙን ለዩ። ብዙ ጊዜ የሾፌሩ ጎን ዝቅ ያለ ነው። ልዩነቱ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ካለፈ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ሊፍት ሳይሆን ስለተሰበረ ቅጠል ወይም ስለተበላ ላስቲክ ነው።

ከዚያ ከፊት ምን እንደምትሸከም አስቡ። ከብረት የተበየደ ወፍራም መከላከያ አለ? ዊንች፣ ማለትም መኪና መጎተቻ ማሽን፣ አለ? ሁለቱ አብረው 80 ኪሎና ከዚያ በላይ መመዘናቸው የተለመደ ነው። ያ ክብደት ከፊት አክስሉም አልፎ አፍንጫዋ ላይ ስለሚንጠለጠል የበለጠ ይጫናል። አንዳንዱ መከላከያ ለጌጥ ብቻ የተበየደ ነው። እሱን አውርዶ ቀለል ያለ ማሠራት አንዳንዴ ከሁሉም ርካሹ ሊፍት ነው። ባለቤቶች ይህን ምክር አይወዱትም። አውቃለሁ።

ሊፍት የማያነሳው ነገር

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ድፍን አክስል ያላት መኪና፣ ማለትም 106 ወይም 75 ወይም 79፣ የቱንም ያህል ሊፍት ቢገጠምላት ዲፈረንሻሏ፣ በአክስሉ መሃል ያለው የማርሽ ቋት፣ ከመሬት ያለው ርቀት አይለወጥም። አክስሉ ጎማው ላይ ነው የተቀመጠው። ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ ያለውን ሁሉ ያነሳል፤ ሻንሲውን፣ ሞተሩን፣ ጋቢናውን። ዲፈረንሻሉ ግን እዚያው ነው። እሱን የሚያነሳው ጎማ ብቻ ነው።

ሒሳቡ ይህ ነው። የ106 የተለመደ ጎማ 205 አር 16 ነው። ቁመቱ 74 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። 7.50 አር 16 የሚባለው የላንድ ክሩዘር ጎማ 80 አካባቢ ነው። ልዩነቱ 6 ሴንቲ ሜትር ነው። ዲፈረንሻሉ የሚያገኘው ግማሹን፣ 3 ሴንቲ ሜትሩን ነው። ዋልካ ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ትንሽ አይደለም። ግን ትልቁ ጎማ መሪ ሲዞር ፓራፋንጎውን ሊነካ ይችላል። ያኔ ነው ሊፍት እውነተኛ ሥራ የሚያገኘው። ትልቁ ጎማ ማርሹንም ያከብዳል። 2.8 ናፍጣ ሞተር ከአባይ በረሃ ወደ ደጀን ስትወጣ ይሰማችኋል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውም ከእውነተኛው ፍጥነት ያነሰ ያነባል።

ከፊት ለየብቻ የሚንቀሳቀስ እግር ያላቸው፣ ባለ ቶርሽን ባርና ቪጎ፣ ነገራቸው ይለያል። የፊት ዲፈረንሻሉ ሻንሲው ላይ ስለታሰረ ከመኪናዋ ጋር አብሮ ይነሳል። የኋላው ግን ድፍን ነው፤ እዚያው ይቀራል።

ስለዚህ ከመወሰናችሁ በፊት ከስር ግቡና የተፋቀውን ቦታ ፈልጉ። ብረቱ አብረቅርቆ ይታያል። የተፋቀው ዲፈረንሻሉ ከሆነ ገንዘባችሁን ጎማ ላይ አውሉ። ካምቢዮው ሥር ያለው የሻንሲ ድልድይ ወይም የነዳጅ ታንኩ መከላከያ ከሆነ ሊፍት ይረዳል። የፊት መከላከያው ታችኛው ጠርዝ ከሆነ ደግሞ መከላከያው ነው የሚስተካከለው።

ባለ ባሌስትራዋ

ለገጠር ሥራ ባሌስትራ የሚሸነፍ አይደለም። ቀላል ነው፣ የትም ይጠገናል፣ ጭነት ይችላል። ምርጫውም ሰፊ ነው፤ ስሕተቱም እንዲሁ።

በጣም ርካሹ ሻክል ማስረዘም ነው። ሻክል ማለት የባሌስትራውን አንድ ጫፍ ሻንሲው ላይ አንጠልጥሎ የሚይዘው ጥንድ ብረት ነው። ቶርኖ ቤት በግማሽ ቀን ይሠራዋል። ሻክሉ 5 ሴንቲ ሜትር ሲረዝም መኪናዋ የምትነሳው ግን ግማሹን ብቻ ነው፤ ሌላው የባሌስትራው ጫፍ ከቦታው አልተነቃነቀምና። ከዚህ የሚብሰው ሌላ ነው። ሀይሉክስ ላይ የፊት ሻክሉ ከፊት በኩል ነው። ሲረዝም የባሌስትራው አፍንጫ ዝቅ ይላል፣ አክስሉም ወደ ፊት ያጋድላል። ካስተር የሚባለው ነገር ይቀንሳል። ካስተር ማለት ጎማው ራሱን ወደ ቀጥታ መስመር የሚመልስበት ዘንበል ያለ አቀማመጥ ነው። ሲቀንስ መሪው ይቀላል፣ መኪናዋ ግን አስፓልት ላይ ትዋልላለች። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ባለው ቀጥ ያለ መንገድ በ80 ስትሄዱ አንድ እጃችሁን እንኳ ከመሪ ማንሳት አትችሉም። በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል ሽብልቅ ብረት አስገብቶ ማስተካከል ይቻላል። ያን ከሠራችሁ ግን ርካሽነቱ አለቀ።

ሁለተኛው ቅጠል መጨመር ነው። ይህ በየከተማው የሚሠራ ሥራ ነው። ለፊት የተሠራና ከመኪናው ጋር የሚመጣጠን ቅጠል ከሆነ መካከለኛ መፍትሔ ነው፤ ከ2 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ያነሳል፣ መከላከያና ዊንች ለተሸከመችም ያግዛል። ከአይሱዙ ባሌስትራ ተቆርጦ የሚጨመረው ግን ሌላ ታሪክ ነው። ውፍረቱ ከሌሎቹ ጋር አይገናኝም። ሌሎቹ ሲታጠፉ እሱ አይታጠፍም። ሸክሙ በሙሉ በእሱ ጫፎች ላይ ያርፋል፣ ከላዩ ያለው ቅጠል እዚያ ቦታ ላይ ይሰበራል። አነዳዱም ጥርስ ያንገጫግጫል።

ሦስተኛው የድሮውን ባሌስትራ አውርዶ እንደገና ማጉበጥ ነው። በቀዝቃዛው፣ በመዶሻ ወይም በፕሬስ ከተሠራ ለጊዜው ይሠራል። ብረቱ ያው የደከመው ብረት ስለሆነ ቀስ እያለ ይመለሳል። በእሳት አግሎ ማጉበጥን ግን አልመክርም። የባሌስትራ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው በሙቀትና በማቀዝቀዝ ሥርዓት ነው። እሳት ውስጥ ገብቶ መሬት ላይ ተጥሎ ሲቀዘቅዝ ያንን ያጣል። ከዚያ ወይ ይለሰልስና ይተኛል፣ ወይ ተሰባሪ ይሆናል።

አራተኛው አዲስ ሙሉ ባሌስትራ ነው፤ ከፋብሪካ ቁመት 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ተደርጎ የተሠራ። እንደ ኦልድ ማን ኢሙ እና ዶቢንሰንስ ያሉ የአውስትራሊያ ስሞች የሚታወቁት በዚህ ነው። በጣም ውድ ነው። አቅም ካለ ግን ሌላው ሁሉ ከዚህ በታች ነው። የሚመረጠው በክብደት ነው፤ ባዶ ለሆነ ፊት አንድ፣ መከላከያ ለተሸከመ አንድ፣ መከላከያና ዊንች ላለው አንድ። እዚህ ላይ የኛ ሰው ልማድ ያስቸግራል። «ጠንከር ያለውን ስጠኝ» ይላል። የዊንች ባሌስትራ ባዶ አፍንጫ ላይ ሲገጠም አይታጠፍም። ጉድጓዱ ሁሉ ለሻንሲው ይተላለፋል። አሮጌ ሻንሲ ደግሞ ብየዳው ላይ መሰንጠቅ ይወዳል። እግሩ ካልታጠፈ ጎማው መሬት አይከተልም፤ ጭቃ ላይ አንዱ ጎማ አየር ላይ ይቀራል። ያኔ ሊፍቱ ለምን አስፈለገ?

አንድ ነገር ግን ሲገዛ ጠይቁ። ሁለተኛው ቅጠል የዋናውን ቅጠል ዓይን አቅፎ የሚይዝ ነው ወይ? ከሆነ ዋናው ቅጠል ቢሰበር እንኳ አክስሉ ከቦታው አይሸሽም። ከረቡዕ ገበያ ወደ ጮቄ ስትወጡ ወይም ከሞጣ ገጠር ስትመለሱ ቢሰበር ቀስ ብላችሁ ከተማ ትደርሳላችሁ።

በሰው እጅ ከሚሠራው ሁሉ አንዱን በግልጽ እቃወማለሁ። ከፊት አክስልና ከባሌስትራው መካከል የብረት ኩብ ማስገባት። ከኋላ ይታያል፤ ከፊት ግን አይሆንም። ፍሬን ሲያዝ ትልቁ ኃይል ያለው ከፊት ነው፣ መሪውም እዚያው ነው። ያ ኩብ ቢሸሽ መኪናዋን የሚያቆማት ነገር የለም። የሚሠራላችሁ ሰው ወዳጃችሁ ቢሆንም እምቢ በሉ።

ከየትኛውም አማራጭ ጋር ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩትን ዩ ቦልቶች በአዲስ ቀይሩ። አንዴ ተጠብቀው የተሳቡ ናቸው። የፍሬን ጎማ ቱቦውንም እዩ። መኪናዋን ሻንሲዋ ላይ በክሪክ አንሥታችሁ እግሩ ሙሉ በሙሉ ሲንጠለጠል ቱቦው ከተወጠረ ረዘም ያለ ያስፈልገዋል። የፊት ሻፍቱ መታጠፊያ፣ ክሮቼራውም፣ ከዚያው ጋር ይፈተሽ። በመጨረሻም የመሪው ዘንግ ይበልጥ ተዳፋት ስለሚሆን ጉድጓድ ላይ መሪው በራሱ ትንሽ ይጎትታል። በ5 ሴንቲ ሜትር ይቻላል። በ10 ግን ዘንጉን ጭምር የሚያስቀይር ሥራ ነው።

ባለ ቶርሽን ባሯ

ያ «አሥር ደቂቃ አይፈጅም» የተባለው ሥራ እዚህ ነው። ቶርሽን ባር አንድ ጫፉ ከእግሩ ጋር፣ ሌላው ጫፉ ከሻንሲው ጋር የታሰረ ዘንግ ነው። እግሩ ሲነሳ ዘንጉ ይጠመዘዛል፤ እርጥብ ልብስ ሲጨመቅ እንደሚጠመዘዘው። ከኋላ ጫፉ ላይ ማስተካከያ ቡሎን አለ። ሲጠብቅ መኪናዋ ትነሳለች።

ነጻ ይመስላል። ለመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር እውነትም ነጻ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ደክሞ የወረደውን ወደ ፋብሪካ ቁመቱ ለመመለስ። ግን ምን እንደሆነ ይገባን። ቡሎኑን ማጥበቅ ዘንጉን ጠንካራ አያደርገውም። የዘንጉ ጥንካሬ ያው ነው። የተለወጠው እግሩ የሚቆምበት ቦታ ብቻ ነው። ድሮ እግሩ ወደ ላይ የተወሰነ፣ ወደ ታች የተወሰነ መንገድ ነበረው። ስታጠብቁት ወደ ታች ያለው መንገድ ያልቃል። ጎማው ጉድጓድ ላይ ሲደርስ መውረድ ስለማይችል የላይኛው የእግሩ እጅ መቆሚያ ላስቲኩን ይመታል። ያ «ኳ!» የሚል ድምፅ እሱ ነው።

ከድምፁ የሚብሰው ጁንቶው፣ ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ መታጠፊያ፣ ነው። ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማው የሚሄደው አጭር ዘንግ ወደ አግድም የቀረበ መሆን ሲገባው ወደ ታች ያዘነብላል። ላስቲክ ሽፋኑ እየታሸ ይቀደዳል። ጭቃና አቧራ ይገባል፣ ግራሶው ይወጣል፣ ከዚያ በመዞሪያ ላይ «ቀጭ ቀጭ» ይጀምራል። በእጅ የሚቆለፍ ሀብ ያላቸው መኪኖች እዚህ ላይ ዕድለኞች ናቸው። አስፓልት ላይ ሀቡ ሲከፈት ጁንቶው አይዞርም፣ ዕድሜው ይረዝማል። ሀቡን ዓመቱን ሙሉ ቆልፈው የሚነዱ ሰዎች አሉ። ሊፍት ካላችሁ ይህን ተዉት።

እንዴት ይወሰናል? ከማጥበቃችሁ በፊት ቁመቱን ጻፉ። የቡሎኑን ዙር ቁጠሩ። መኪናዋን ሻንሲዋ ላይ አንሥታችሁ ዘንጉን አላሉ፤ ሸክም እያለበት አትነካኩት። ቡሎኑ ውስጥ የተጠራቀመ ኃይል አለና ሸክሙ ሳይነሳ የሚፈታ ሰው እጁን ያጣል። ካጠበቃችሁ በኋላ ትንሽ ንዷት፣ ትረጋጋ፣ እንደገና ለኩ። ቆማ ሳለች የላይኛው እጅ መቆሚያ ላስቲኩን የሚነካ ከሆነ አልፋችኋል፤ መልሱት። ከዚያ ሳትውሉ ሳታድሩ ዊል አላይመንት፣ ማለትም የጎማውን አቅጣጫ፣ አስተካክሉ። ይህ ሳይሠራ የሚቀር መኪና አዲስ ጎማ ውስጡን ወይም ውጭውን በጥቂት ወር ይበላል። ጎማውን ከቆጠራችሁት ያ ቡሎን ነጻ አልነበረም።

ቡሎኑ ቀድሞውኑ እስከ መጨረሻ ገብቶ መኪናዋ አሁንም ዝቅ ካለች ዘንጉ ደክሟል። ሁለት አማራጭ አለ። አንደኛው ዘንጉን አውጥቶ በጥርሱ አንድ ደረጃ አዙሮ መመለስ ነው። ለቡሎኑ እንደገና ቦታ ይሰጠዋል፣ ግን የደከመውን አያድሰውም፤ ከላይ ያልኩት ገደብም አይለወጥም። ሁለተኛው ወፈር ያለ አዲስ ዘንግ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የዘንግ ጥንካሬ ከውፍረቱ ጋር በአራተኛ ርቢ ነው የሚያድገው። ውፍረቱ 10 በመቶ ብቻ ቢጨምር ጥንካሬው 46 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ «ሁለት ሚሊ ብቻ ነው የወፈረው» የሚል ሻጭ ቀላል ነገር አልነገራችሁም። መከላከያና ዊንች ካለ ወፍራሙን ውሰዱ። ከሌለ የፋብሪካውን አዲስ ዘንግ ውሰዱ፤ ያ ብቻውን የጠፋውን ቁመት ይመልሳል። ግራና ቀኙን አታቀያይሩ። እያንዳንዱ ለሚጠመዘዝበት አቅጣጫ ተዘጋጅቶ ነው የመጣው። ጫፉ ላይ ምልክት አለው።

ሌላው ዕቃ የላይኛው ቦል ጆይንት ላይ የሚገባ መደገፊያና አዲስ የላይኛው እጅ ነው። ሁለቱም ወደ ታች ያለውን መንገድ በከፊል ይመልሳሉ፣ ያንን «ኳ!» ያቆማሉ። ለጁንቶው ግን ምንም አይረዱም። ለጁንቶው ሲባል የፊት ዲፈረንሻሉን 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ የሚያደርግ መደገፊያም ይሸጣል። ልብ በሉ፤ ከፍ ለማለት ከፍላችሁ፣ መልሳችሁ ዝቅ ለማለት ትከፍላላችሁ። ብዙ ሰው ይህን ሒሳብ አይሠራውም። ሙሉ የፊት እግሩን በብረት ድልድይ ወደ ታች የሚያወርደው ትልቁ ኪት ደግሞ እዚህ አገር ለሥራ መኪና አያዋጣም፤ አልፈዋለሁ።

ባለ ሞላዋ

ቪጎ ላይ ምርጫው በሾኩ ራስ ላይ የሚቀመጥ መደገፊያ ወይም ረዘም ያለ ሞላ ነው። መደገፊያው ርካሽ ነው፣ ሞላው የደከመ ከሆነ ግን ድካሙን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ሞላውን ከሾኩ ለማውጣት ትክክለኛ መጭመቂያ መሣሪያ የሌለው ጋራዥ አይንካው። የተጨመቀ ሞላ ሰው ይገድላል።

79 ላይ ሞላ መቀየር በራሱ ቀላል ነው። የሚረሳው ተከታዩ ነው። አክስሉን ወደ ጎን እንዳይሸሽ የሚይዘው ዘንግ ርዝመቱ ያው ስለሆነ ሊፍቱ አክስሉን ትንሽ ወደ አንድ ጎን ይስበዋል። ካስተሩም ይቀንሳል። ሁለት ኢንች ላይ የካስተር ማስተካከያ ቡሽ አብሮ ይገዛ። ከዚያ በላይ ከሆነ የሚረዝምና የሚያጥር የጎን ዘንግም ይጨመር።

ሾክ አብዞርበር

ሊፍት ሾክን ይዞ ነው የሚመጣው። የድሮው አጭር ሾክ ላይ ከፍታ ሲጨመር ሾኩ ራሱ መቆሚያ ይሆናል። እግሩ ሲንጠለጠል ክብደቱን የሚይዘው እሱ ነው፤ ወይ ጆሮው ይበጠሳል፣ ወይ ዘይቱን ይተፋል። ስለዚህ ለከፍታው የተሠራ ርዝመት ይፈለግ። ግን የባሰ ረዥምም አይሁን፤ እግሩ ሙሉ በሙሉ ሲጨመቅ ሾኩ ከሁሉ ቀድሞ ታች ከመታ ይሰበራል።

ዓይነቱስ? ለኛ መንገድ ትልቁ ጠላት ሙቀት ነው። ረዥም ኮሮኮንች ላይ ሾኩ ያለማቋረጥ ይሠራል፣ ዘይቱ ይግላል፣ አረፋ ይሆናል፣ ማቆም ያቅተዋል። ጋዝ ያለበት ይህን ይቀንሳል። ባለ አንድ ግድግዳው ሙቀት በደንብ ያወጣል፤ ድንጋይ ገላውን ከሰረጎደው ግን አለቀለት። ባለ ሁለት ግድግዳው ድንጋይን ይታገሣል። በጎጃም ጠጠር ላይ ለምትሠራ አሮጌ ፒክአፕ ባለ ሁለት ግድግዳና ጋዝ ያለውን እመርጣለሁ። ኬዋይቢ ወይም ሞንሮ ብትገዙ ካርቶኑን ሳይሆን ዕቃውን እዩ። በታዋቂ ስም የሚሸጥ አስመሳይ ብዙ ነው። ብየዳው የተዝረከረከ፣ ቁጥሩ በተለጣፊ ወረቀት ብቻ የተጻፈ ከሆነ ተዉት።

ያገለገለ ሾክ ከሶማሌ ተራ አትግዙ። ሌላው ያገለገለ ዕቃ ያስኬዳል፤ ቅንፍ፣ ሻክል፣ የላይኛው እጅ። ያገለገለ ሾክና ያገለገለ ቶርሽን ባር ግን ድካማቸው በዓይን አይታይም።

ለማን የቱ?

ድንችና ጤፍ ከገጠር የምታወጣ 106 ከሆነች አዲስ ላስቲኮች፣ ለክብደቷ የሚመጥን አዲስ ባሌስትራና ሾክ አድርጉላት። ጊዜው ሲደርስ ትንሽ ቁመት ያለው ጎማ። አቅም ካጠረ አንድ ተመጣጣኝ ቅጠልና አዲስ ላስቲክ። ሻክል ማስረዘሙ ይቅር።

ባለ ቶርሽን ባር ሆና አብዛኛውን ጊዜ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ አስፓልት የምትመላለስ ከሆነ ወደ ፋብሪካ ቁመቷ መልሷትና እዚያው ተዋት። ቁመት ሲጨምር የክብደቷ መሃል ይነሳል። አባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁልና መዞሪያ ነው። ካሶኒው ላይ ሰውና ዕቃ ይዛ ስትታጠፍ 5 ሴንቲ ሜትሩ ይሰማል።

79 ካላችሁና መከላከያና ዊንች ከተሸከመች ሁለት ኢንች ሞላ ከነሾኩ፣ ከነካስተር ቡሹ። እሱ ላይ አትቆጥቡ።

ከፊት ብቻ አንሥታችሁ ከኋላ ከተዋችሁ ባዶዋን ቀጥ ትላለች፤ ጭነት ሲገባ ግን አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ይቀናል። ስለዚህ የፊቱን የምትወስኑት ኋላዋ እንደምትጫነው ተጭና ነው። ከኋላም ከጨመራችሁ ደግሞ ኋላ አክስሉ ላይ ጭነትን እያየ የፍሬኑን ኃይል የሚወስን ትንሽ ዘንግ ያላቸው ሀይሉክሶች አሉ። አክስሉ ሲርቅ «ባዶ ናት» ብሎ የኋላ ፍሬኑን ይቀንሳል። እሱም ይስተካከል።

ሥራው ካለቀ በኋላ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ንዱና ዩ ቦልቱን፣ የሻክሉን ዳዶና የሾኩን ቡሎን እንደገና አስጠብቁ። አዲስ ባሌስትራ በመጀመሪያው ወር ትንሽ ይቀመጣል፤ አትደንግጡ። የፊት መብራቱንም አስተካክሉ። አፍንጫዋ ሲነሳ መብራቱ ከመንገዱ ይልቅ የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ያበራል። ከመብራቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ቡሎኖች በመፍቻ ዝቅ ማድረግ ነው፤ ማታ፣ ከግድግዳ ፊት ለፊት አቁማችሁ።